ከእጥፋቱ ሥር ሰው ሲጠፋ፦ የለበሰ ሞዴል ንድፍ ችግሮችና መፍትሄያቸው

የሰውነትን ምጣኔና የመሣያ ከሰል አያያዝን ጠንቅቆ የሚያውቅ ተማሪ እንኳ፣ ነጠላ ወይም ጋቢ የለበሰ ሞዴል ፊት ሲቀመጥ የተማረውን ሁሉ የረሳ ይመስላል።

ችግር፦ እጥፋቶቹ አንድ በአንድ በትጋት ተሥለዋል፤ ከሥራቸው ግን ሰው የለም። በረዳትነት በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ደጋግሞ የገጠመኝ ይኸው ነው።

መንስኤ፦ ተማሪው አካሉን ሳይነድፍ ዓይኑን ከሳበው ቦታ፣ ብዙውን ጊዜም ከጥለቱ፣ ይጀምራል። እጥፋት ግን የሚመነጨው ጨርቁ ከተንጠለጠለበት ወይም ከተወጠረበት ነጥብ ማለትም ከትከሻ፣ ከታጠፈ ክርን፣ ከዳሌ ወይም ከጉልበት ነው። አንድ ትጉህ ተማሪ ጋቢ የተከናነበችን ሞዴል 2 ሰዓት ሙሉ ሲሥል ቆይቶ ጥለቱን ክር በክር አውጥቶት ነበር፤ «ክርኗ የቱ ጋ ነው?» ብዬ ስጠይቀው ግን ጣቱን ወረቀቱ ላይ ሦስት ቦታ አሳርፎ ዝም አለ። ሞዴሏ ጋቢውን አስቀምጣ በዚያው አቋም እንድትቆም ለመንናት፤ ክርኗ ከሦስቱ በአንዱም አልነበረም።

መፍትሄ፦ ሞዴሉ ጨርቁን ከመደረቡ በፊት አካሉ በስሱ መስመር ለ5 ደቂቃ ይነደፍ። ከደረበ በኋላ ጨርቁ የተንጠለጠለባቸው ነጥቦች በትንንሽ ክብ ምልክት ይደረግባቸው፤ ከእያንዳንዱም 3 ወይም 4 ዋና እጥፋቶች ብቻ ይውጡ። ጨርቁ አካሉ ላይ ተለጥፎ በተዘረጋበት ቦታ እጥፋት አይጨመር፤ ክንድን የሚያቋርጥ እጥፋትም እንደ አምባር ይዙር እንጂ ቀጥ ብሎ አይሰመር። ጥለቱ የመጨረሻው ሥራ ነው። ደግሜ እላለሁ፦ የመጨረሻው።

ችግር፦ ጨርቁ ቆርቆሮ ይመስላል። መንስኤው ጠርዙን ሁሉ እኩል ማጥቆር ነው፤ አንዳንዴ ግን ጥፋቱ የተማሪው ሳይሆን የጨርቁ ነው። ነጠላ ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው ፖሊስተር ያብለጨልጫል፣ ተኝቶም አይወርድም፤ ለክፍል አትግዙት። ድርቡ ሁለት የሆነው የጥጥ ነጠላ ቀጫጭንና ብዙ፣ ድርቡ አራት የሆነው ጋቢ ደግሞ ወፋፍራምና ጥቂት እጥፋት ይሰጣል። መብራቱ ከአንድ ጎን ብቻ ይምጣ፤ የጣሪያው ፍሎረሰንት ይጥፋ።

ችግር፦ ከእረፍት በኋላ እጥፋቱ ተለወጠ። እንደነበረ ስለማይመለስ ዋና ዋናዎቹ እጥፋቶች ከእረፍት በፊት ተሥለው ይጠናቀቁ። ለረጅም ጥናት፣ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በጭቃ የተነከረ ጨርቅ የሸክላ ምስል ያለብስ ነበር እንደሚባለው፣ እኛም አሮጌ ጨርቅ በጀሶ ነክረን ወንበር ላይ እናደርቃለን። ጀሶ ሲጠነክር ስለሚግል በባዶ እጅ አትንኩት። ትራፊውን ሲንክ ውስጥ አትድፉ፤ ቱቦው ውስጥ ይደርቃል። የተነከረውን ጨርቅ በምንም ምክንያት ለሰው አታልብሱ።

ችግር፦ በሥዕሉ ላይ ሞዴሉ የሚወድቅ ይመስላል። ከአንገቱ ሥር ካለው ጎድጓዳ ቱንቢ፣ ማለትም ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት ክር፣ ይጣል፤ ክብደቱ በአንድ እግር ላይ ካረፈ፣ ክሩ በዚያው እግር ቁርጭምጭሚት አጠገብ ማለፍ አለበት።