ኮክፒት ውስጥ ደወል ሲጮህ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ አብራሪ መሆን የሚመኙ ልጆች ብዙ ናቸው። ላፕቶፓቸውን ይዘው ጣና ዳር ካፌ ይቀመጡና በሲሙሌተር (በኮምፒውተር የበረራ ማስመሰያ) ከደጃዝማች በላይ ዘለቀ ኤርፖርት ይነሳሉ፣ ሐይቁን ዞረው ተመልሰው ያርፋሉ። ሁሉም ነገር ሰላም እስከሆነ ድረስ ጎበዞች ናቸው። ቀይ መብራት በርቶ ደወል ሲጮህ ግን እጅ ከአእምሮ ይቀድማል። ይህን የምጽፈው በዋናነት ለእነሱ ነው።

አንድ ነገር በቅድሚያ ያዙልኝ። ማስጠንቀቂያ ሁሉ እኩል አይደለም። ለማሰብ ጊዜ የሚሰጥ አለ፣ ጭራሽ የማይሰጥም አለ። ትልልቆቹ ስህተቶች የሚመጡት እነዚህን ሁለቱን ከማደባለቅ ነው። ቀለሙ ብቻውን አይበቃም። የሞተር እሳት ደወል ቀይ ነው፤ ሆኖም በመነሳት ላይ ከጮኸ አብራሪዎቹ ቢያንስ 400 ጫማ እስኪወጡ ድረስ አውሮፕላኑን በሥርዓት ከማብረር በቀር የሞተር ቁልፍ አይነኩም። ይሄ ፍርሃት ወይም ቸልተኝነት አይደለም፣ የተጠና አሠራር ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ሁሉም ሰው መብራቱን ሲያይ የሚያበር ሰው መጥፋቱ ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 29 ቀን 1972 ማያሚ አቅራቢያ የኢስተርን አየር መንገድ 401ኛ በረራ ሊያርፍ ሲል የፊት ጎማ መውረዱን የሚያሳየው መብራት አልበራ አለ። የተቃጠለች ትንሽ አምፖል ነበረች። ኮክፒት ውስጥ የነበሩት ሁሉ አምፖሏ ላይ ተጠመዱ። በዚያ መሃል አውሮፕላኑ ከፍታውን ቀስ እያለ እየለቀቀ ነበር፣ የከፍታ ማስጠንቀቂያውም ድምፅ አሰምቶ ነበር፣ ግን ልብ ብሎ የሰማው ሰው አልነበረም። 101 ሰው ሞተ። ዛሬ ደወል ሲጮህ አንዱ አብራሪ ስለ ብልሽቱ ከማውራቱ በፊት ማን እንደሚያበር በግልጽ የሚነጋገሩት ለዚህ ነው። ብቻችሁን የምትለማመዱም ብትሆኑ መጀመሪያ ፍጥነቱን፣ ከፍታውን፣ የአፍንጫውን አቅጣጫ እዩ። መብራቱ አይሸሽም።

ሁለተኛው ድምፁን ዝም ማሰኘት ነው። የማስተር ዋርኒንግ (ዋናውን የማስጠንቀቂያ) ቁልፍ ስትጫኑት ጩኸቱ ይቆማል። ችግሩ ግን እዚያው ነው። መጫኑ ራሱ ስህተት አይደለም፣ ሳያነቡ መጫን ነው ስህተቱ። ስክሪኑ ላይ የወጣውን ጽሑፍ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ ከዚያ ዝም አሰኙት። አለቀ።

ሦስተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከፍታ ላይ ለምንኖር ሰዎች ይመለከተናል። ድምፅ ብቻ ሰምቶ "ይሄማ የማውቀው ነው" ማለት። የቆጵሮሱ ሄሊዮስ አየር መንገድ 522ኛ በረራ፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 14 ቀን 2005። የ737 ቦይንጉ የካቢን አየር ግፊት መቆጣጠሪያ በእጅ የሚሠራበት ቦታ ላይ እንደተቀመጠ ቀርቶ ነበር። አውሮፕላኑ ሲወጣ ካቢኑ አብሮ ከፍታ ያዘ፣ የማስጠንቀቂያ ቀንዱም (ጥሩምባው) ጮኸ። በዚያ አውሮፕላን ላይ ግን ያው ቀንድ መሬት ላይ ሲሆን "ለመነሳት አልተዘጋጀህም" የሚል መልእክት አለው። አብራሪዎቹ በተለምዶ የሚሰሙት ያንን ስለነበር ነገሩን እዚያ ላይ ወሰዱት፤ ሌላም የማቀዝቀዣ መብራት በርቶ አሳሳታቸውና ከምድር ባለሙያ ጋር ስለሱ ሲያወሩ ኦክስጅን እያጠራቸው ሄደ። 121 ሰው አለቀ።

አሁን ወደ እኛ ኤርፖርት ኑ። ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ በጫማ 6,000 ገደማ። ያ ቀንድ የሚጮኸው ካቢኑ 10,000 ጫማ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ግፊቱ ያልሠራ አውሮፕላን ከባሕር ጠረፍ ሲነሳ 10,000 ጫማ መውጣት ሲኖርበት፣ ከእኛ ሲነሳ ግን 4,000 ያህል ብቻ ነው የሚቀረው። አየር ላይ ሆናችሁ ቀንዱ ከጮኸ መልሱ አንድ ነው፦ መጀመሪያ የኦክስጅን ጭንብል። ጥያቄው ከጭንብሉ በኋላ ይመጣል። 35,000 ጫማ ላይ ግፊት ቢጠፋ ሰው በቅጡ ማሰብ የሚችለው ከግማሽ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ ነውና።

አራተኛው የተሳሳተ ሞተር ማጥፋት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ይደረጋል እንዴ ትሉ ይሆናል። ይደረጋል። እ.ኤ.አ. ጥር 1989 እንግሊዝ ውስጥ ኬግዎርዝ አጠገብ የወደቀው 737 ግራ ሞተሩ ነበር የተበላሸው፣ የጠፋው ቀኙ ነበር፤ 47 ሰው ሞተ። እ.ኤ.አ. የካቲት 2015 ታይፔ ላይ የትራንስኤዥያ አውሮፕላን እንዲሁ ደህናውን ሞተር አጥፍቶ ወንዝ ውስጥ ወደቀ፤ 43 ሰው አለቀ። ለዚህ ነው ሞተር የሚጠፋው በሁለት ሰው ስምምነት የሆነው። አንዱ እጁን ማንሻው ላይ ያደርግና "ግራ ሞተር" ይላል፣ አይጎትትም። ሌላው በዓይኑ አይቶ "አረጋግጫለሁ" ይላል። ከዚያ ነው የሚጎተተው። ሁለት ሰከንድ የማይሞላ ነገር ነው።

ባሕር ዳር የዚህን ክብደት ታውቃለች። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከዚሁ ከተማ ወደ አስመራ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ 737 የርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገባበት። አንደኛው ወዲያው ኃይሉን አጣ፣ ሁለተኛው ደግሞ ለመመለስ ሲሞክሩ። ጎማ ሳይዘረጋ በሆዱ አረፈና በእሳት ተያያዘ። ከ104ቱ ሰዎች 35ቱ ሞቱ፣ 69ኙ ተረፉ። ወፍ ሞተር ውስጥ ሲገባ የሚንቀጠቀጠው ሞተር እንኳ ጥቂት ጉልበት ሊኖረው ይችላል፤ እጃችሁ ላይ የቀረ የመጨረሻ ጉልበት ሊሆን ስለሚችል ለማጥፋት አትሽቀዳደሙ።

እስካሁን "ረጋ በሉ" ስል ነበር። አሁን ተቃራኒው። መሬት ቀርቧል የሚለው ድምፅ "ፑል አፕ" (ቀና አድርግ) ሲል መወያየት የለም። ከባሕር ዳር በስተምሥራቅ ጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ቆሟል፣ ክረምት ላይ ደመና ውስጥ ይገባል። ደመና ውስጥ ሆኖ ያ ድምፅ ከተሰማ አውቶፓይለት ይለቀቃል፣ ሙሉ ኃይል ይሰጣል፣ አፍንጫ ቀና ይደረጋል። "እስቲ ካርታውን ልይ" የሚል ሰው ዘግይቷል።

ቲካስም እንዲሁ ነው፣ አውሮፕላኖች እንዳይጋጩ የሚጠብቀው መሣሪያ። "ትራፊክ" ብቻ ሲል ፈልጉ እንጂ መሪውን አትንኩ። "ክላይምብ" (ውጣ) ወይም "ዲሴንድ" (ውረድ) ሲል ግን በ5 ሰከንድ ውስጥ እሱን ታዘዙ፣ የምድር ተቆጣጣሪው ሌላ ቢላችሁ እንኳ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2002 ምሽት ደቡብ ጀርመን ሰማይ ላይ ቲካስ አንዱን አውሮፕላን ውጣ፣ ሌላውን ውረድ ብሎ ነበር። እንዲወጣ የተነገረው ተቆጣጣሪውን ሰምቶ ወረደ። ተጋጩ፣ 71 ሰው ሞተ።

ለመነሳት ሲሮጡ ለእያንዳንዷ ቢጫ መብራት ፍሬን መያዝም ስህተት ነው። 737 ላይ ከ80 ኖት ፍጥነት በኋላ የሚቆመው ለእሳት፣ ለሞተር መጥፋት፣ ለአደገኛ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ወይም መብረር የማይችል ለመሰለ አውሮፕላን ብቻ ነው።

የመጨረሻው የእኛ የተመልካቾች ስህተት ነው፣ እሱም ያመኛል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. 157 ሰው ስላጣንበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ 302ኛ በረራ ወንበር ላይ ተቀምጦ "ይህን ቁልፍ ቢነኩ ኖሮ" የሚል ሰው አሁንም አለ። በዚያ በረራ የአንድ ሴንሰር የተሳሳተ መረጃ የካፒቴኑን መሪ ያንቀጠቅጥ ነበር፣ የግራና የቀኝ ፍጥነት መለኪያዎች አይስማሙም ነበር፣ በዚያ ላይ ኤምካስ የተባለው የአውሮፕላኑ ራስ-ሰር ሥርዓት አፍንጫውን ወደ ታች ይገፋ ነበር። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. መስከረም 2019 ባወጣው ምክረ ሐሳብ፣ አምራቹ አብራሪዎች እንዴት ምላሽ እንደሚሰጡ ሲገምት ብዙ ማስጠንቀቂያ በአንድ ጊዜ ሲወርድ የሚፈጥረውን ጫና በቅጡ እንዳላጤነ ገልጿል። ሲሙሌተር ላይ ይህን በትንሹም ቢሆን መሞከር ትችላላችሁ። ብልሽት ስትመርጡ የፍጥነት መለኪያ ብልሽትን ምረጡ፣ ደወሎቹ ሲግተለተሉ የአፍንጫውን ከፍታና የሞተሩን ኃይል በሚታወቅ ልክ ያዙና የትኛው መለኪያ እንደሚዋሽ ከዚያ ለዩ።