ከጣና ዳር ሆኖ ለአካታች ስኮላርሺፕ እንዴት ማመልከት ይቻላል? ደረጃ በደረጃ

ባህር ዳር ውስጥ ስለ ስኮላርሺፕ ወሬ ሲነሳ የመጀመሪያው ጥያቄ “ሲጂፒኤህ ስንት ነው?” ነው። ነጥብ ያስፈልጋል፣ አይካድም። ሴቶችን፣ አካል ጉዳተኞችን፣ ተፈናቃዮችንና ከአነስተኛ ገቢ ቤተሰብ የመጡ ወጣቶችን አስበው የተዘጋጁ ዕድሎች ግን አንድ ነገር ጨምረው ይጠይቃሉ፦ እዚህ ነጥብ ላይ በምን መንገድ አልፈሽ ደረስሽ? ስንቱ ጎበዝ ተማሪ ይህን በማስረጃ ማሳየት አቅቶት ቀርቷል።

1. የቅርቡን በር አስቀድሙ

ሁሉም ሰው እንግሊዝንና ካናዳን ሲያይ ጎንደርን ይረሳል። ከባህር ዳር በመኪና የሦስት ሰዓት መንገድ ላይ ያለው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ2017 እ.ኤ.አ. የማስተርካርድ ፋውንዴሽን ስኮላርስ ፕሮግራምን ጀምሯል። የትኩረቱ እምብርት የአካል ጉዳተኞች አካታችነት ነው። ጥሪ ሲወጣ የዩኒቨርሲቲውን የራሱን ገጽ ተከታተሉ፤ በቴሌግራም የሚዞረው ብዙ ጊዜ ቀኑ ያለፈበት ነው።

ግቢ ውስጥ ላላችሁም የቀረበ ነገር አለ። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ተቋማት ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች እንደ ቲቶሪያልና የፈተና ሰዓት ማራዘም ያለ ድጋፍ እንዲሰጡ ይደነግጋል። ከባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ፔዳም ተማሩ ፖሊ፣ ጥያቄውን ለትምህርት ክፍላችሁ ሴሚስተሩ ሲጀምር በጽሑፍ አስገቡ፤ ለፈተና ሳምንት ሲቀር የመጣ ጥያቄ ሰሚ አያገኝም። ችግር ላይ ያላችሁ ሴት ተማሪዎች ደግሞ የሥርዓተ ፆታ ቢሮውን በር አንኳኩ።

2. ለእናንተ የተሠራውን ለዩ

ሃያ ቦታ ማመልከት ልፋት ብቻ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ይዛችሁ ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ካላችሁ፣ የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሆነው ቼቭኒንግ በዚያው አገር የአንድ ዓመት ማስተርስ ይሸፍናል፤ ስትጨርሱ አገራችሁ ተመልሳችሁ ሁለት ዓመት መቆየት ግዴታ ነው። አዲስ ተመራቂ ከሆናችሁ የአውሮፓ ኅብረቱ የማስተርስ ስኮላርሺፕ ኢራስመስ ሙንዱስ ይሻላል፤ የሥራ ልምድ ግድ የማይሉ ብዙ ፕሮግራሞች አሉት፣ አካል ጉዳተኛ ለሆነ ተማሪም ተጨማሪ ወጪ ይሸፍናል። በሳይንስ ፒኤችዲ ለምትፈልግ ሴት ዋና ጽሕፈት ቤቱ ትሪየስቴ፣ ጣሊያን የሚገኘው የታዳጊ አገሮች ሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት ኦደብሊውኤስዲ (OWSD) አለ። ስደተኛ ለሆነ ወጣት ደግሞ ዳፊ የሚባለውና በ1992 እ.ኤ.አ. በጀርመን መንግሥት ድጋፍ የተጀመረው ዕድል አገር ውስጥ ያስተምራል። የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕን ግን እርሱት፤ ኢትዮጵያ የማኅበሩ አባል አይደለችም።

3. ወረቀቱን አስተካክሉ

እዚህ ላይ ነው ጊዜ የሚበላው። መጀመሪያ ስም። ብርሃኑ በአንዱ ወረቀት በአይ፣ በሌላው በኢ ተጽፎ ከተገኘ ሁለት ሰው ይመስላል። ፓስፖርት ላይ ያለውን አጻጻፍ ያዙ፤ ትራንስክሪፕቱ ከተለየ ከሬጅስትራር ማብራሪያ ደብዳቤ አውጡ። “የቤተሰብ ስም” የሚለው ሳጥን ውስጥም ፓስፖርቱ በዚያ ቦታ ያስቀመጠውን እንጂ የመሰላችሁን አትሙሉ። ፓስፖርት የሌላችሁ ባህር ዳር ቅርንጫፍ ስላለ አዲስ አበባ መውረድ ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

ቀጥሎ ቀን። ጥቅምት 5 ቀን 1995 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ ቅጹ ላይ ኦክቶበር 15 ቀን 2002 ብላ ትሞላለች። ሰባት ዓመት ደምሮ ወሩን እንዳለ መተው የተለመደ ስህተት ነው።

ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመረቃችሁ፣ የወጪ መጋራቱ ሳይከፈል ዋናው ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ እንደማይለቀቅ ታውቃላችሁ። ለማመልከቻ ብዙ ጊዜ በቴምፖ (በጊዜያዊ ዲግሪ) እና በስቱደንት ኮፒ ስካን ይጀመራል፤ ኦፊሻሉን ግን ተቀባይነት ስታገኙ ይጠይቋችኋልና ዕዳችሁ ስንት እንደሆነ ከወዲሁ እወቁ። ሬጅስትራር ስትሄዱ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሰጠቱን የሚገልጽ ደብዳቤም አብራችሁ ያዙ። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ በቋንቋ ፈተና ምትክ ይቀበለዋል።

የገቢ ማስረጃ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ዘጌ ቡና የሚለቅም ወይም ደራ የሚያርስ አባት የደመወዝ ወረቀት ከየት ያመጣል? ቀበሌው “ደሃ መሆናቸውን እናረጋግጣለን” ብሎ ማኅተም ይመታል፤ ለውጭ አንባቢ ይህ ምንም አይነግረውም። የቤተሰቡ ቁጥር፣ የመሬቱ ስፋት፣ ማን ምን እንደሚሠራ እንዲጻፍ ጠይቁ። የመሬት ይዞታ ደብተሩን ቅጂ አያይዙበት፣ ሁሉንም በሕጋዊ ተርጓሚ አስተርጉሙ።

4. ድርሰቱን ጻፉ

እኛ ማመልከቻ መጻፍ የተማርነው ከወረዳ ጽሕፈት ቤት ነው። “እኔ አመልካች ከደሃ ቤተሰብ የተወለድኩ በመሆኔ ዕድሉ እንዲሰጠኝ በትህትና እጠይቃለሁ።” ይህ አጻጻፍ ለቀበሌ ይሠራል። የስኮላርሺፕ አንባቢን ግን ማስረዳት እንጂ መለመን የለባችሁም። ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ እንቅፋቱ ምን ነበር፣ እናንተ ምን አደረጋችሁ፣ ምን ተለወጠ።

እንበል በጣና ዳር ከሚኖረው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ የመጣ አንድ ልጅ ነው፤ አባቱ ከጣና ደንገል እያጨደ ታንኳ ይሠራል። “በሰፈራችን ትምህርት ዋጋ አይሰጠውም” ብሎ ቢጀምር ወገኑን ሰድቦ ራሱን አላስተዋወቀም። ከዚህ ይልቅ፦ “ከትምህርት በኋላ ታንኳ አስረክብ ነበር። አሥራ አንደኛ ክፍል ሆኜ ለጎረቤት ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ሒሳብ ማስጠናት ጀመርኩ። ከእነሱ ሁለቱ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናቸው።” እንቅፋቱም ሥራውም ውጤቱም ገብቷል፤ ልመና የለም።

“እኔ ሠራሁ” ማለት ይከብደናል፤ ከጉራ ስለሚቆጠር “እኛ” እንላለን። እዚህ ግን ማኅበሩ ምን እንደሠራ ሳይሆን የእናንተ ድርሻ ነው የሚለካው። በሌላ በኩል ሕመምንና ሐዘንን በዝርዝር መዘርገፍ አያስፈልግም። አንባቢውን ማስለቀስ ነጥብ አያስጨምርም፤ ለመናገር ያልፈለጋችሁትን ነገር የመተው መብትም አላችሁ።

5. የምስክር ደብዳቤ

በደንብ የሚያውቃችሁን መምህር ከቀነ ገደቡ ወር አስቀድማችሁ ጠይቁ። ስመ ጥር ሆኖ ስማችሁን የማያስታውስ ፕሮፌሰር አይጠቅማችሁም። “አርቅቀህ አምጣልኝ” ካሏችሁ የሠራችሁትን በነጥብ ጽፋችሁ ስጡ፤ የእናንተ ድርሰትና የእሳቸው ደብዳቤ በአንድ እጅ የተጻፉ ከመሰሉ ሁለቱም ውድቅ ይሆናሉ።

6. የሚያስፈልጋችሁን ድጋፍ ጠይቁ

ማየት የተሳናችሁ እንደ ኤንቪዲኤ ያለውን ነፃ የስክሪን ንባብ ሶፍትዌር ጫኑና ቅጹን ቀድማችሁ ሞክሩት። የማይነበብ ሳጥን ከገጠማችሁ ለፕሮግራሙ ኢሜይል ጽፋችሁ ሌላ አማራጭ ጠይቁ። ለቃለ መጠይቅ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚም ሆነ ተጨማሪ ሰዓት የሚጠየቀው የቀጠሮው ጥሪ እንደደረሳችሁ ነው።

7. አስገቡ

ከላይ ከጠራኋቸው ለቼቭኒንግም ሆነ ለኢራስመስ ሙንዱስ የማመልከቻ ክፍያ የለም። “ፋይሉን እኔ አስገባልሃለሁ” ብሎ ብር የሚጠይቅ ደላላ ከመጣ የኢሜይላችሁን የይለፍ ቃል አትስጡት።

የመዝጊያውን ሰዓት አስሉ። 12:00 ጂኤምቲ ማለት በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ እኩለ ሌሊት ብሎ የጠበቀ ዘግይቷል። መብራትና ኔትወርክ ያላችሁበት ሰፈር እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ስለዚህ ከሁለት ቀን በፊት አስገቡና የማረጋገጫ ኢሜይሉን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ቃለ መጠይቁ በዙም ከሆነ ጄኔሬተር ያለው ቦታ አስቀድማችሁ ለምኑ፣ የሞባይል ዳታም ለመጠባበቂያ ሙሉ።