ልጃችሁ ፌሬት ካማራት፣ ከመግዛታችሁ በፊት

ቨርጂኒያ ውስጥ ከውሻና ከድመት ሌላ ያሉ የቤት እንስሳትን በሚያክም ክሊኒክ በረዳትነት እሠራለሁ። ቤቴም አቡሽ የሚባል ፌሬት አለኝ። ስለዚህ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ «ልጄ ፌሬት ግዢልኝ ብላ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣችኝ፣ ምን ይሻለኛል?» ብሎ የሚደውለው ለእኔ ነው። መልሴ አንድ ነው። የመግዣውን ዋጋ ተዉት፣ አራተኛ ዓመቱን አስቡት። ወደዚያ እመጣለሁ።

ለማያውቀው ሰው፣ ፌሬት ቀጠን ረዘም ያለ፣ እግሩ አጭር፣ ሥጋ በል እንስሳ ነው። አውሮፓውያን ጥንቸል ከጉድጓዷ ለማስወጣት ከጥንት ጀምሮ ሲያረቡት ኖረዋል። ከአይጥ ጋር ዝምድና የለውም። እናቴ ግን አቡሽን ካየችበት ቀን ጀምሮ «ያቺ አይጥሽ» እንዳለች ናት።

መጀመሪያ ሕጉን እዩ። ካሊፎርኒያና ሃዋይ ፌሬት ማሳደግ ክልክል ነው። ኒውዮርክ ከተማም ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላለች፤ በ2015 እገዳው እንዲነሳ ተሞክሮ ሳይሳካ ቀርቷል። እዚህ ቨርጂኒያ ይፈቀዳል። ግን ነገ ሥራ ሎስ አንጀለስ ወይም ኦክላንድ ቢወስዳችሁ ፌሬቱን ይዛችሁ መግባት አትችሉም። የኪራይ ውላችሁንም አንብቡት። «ድመትና ውሻ ይፈቀዳል» ማለት ፌሬት ይፈቀዳል ማለት አይደለም። አከራዩን በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

ሱቅ ስትሄዱ ፌሬቶቹ ተደራርበው ተኝተው ታገኟቸዋላችሁ። ልጅ እዚያ ላይ ነው ልቧ የሚሰረቀው። በቀን ከ14 እስከ 18 ሰዓት መተኛታቸው እውነት ነው። ችግሩ የቀረው ሰዓት ነው። ሲነቁ ይዘላሉ፣ ይቆፍራሉ፣ ይሰርቃሉ፣ ቁርጭምጭሚት ያሳድዳሉ። ቢያንስ አራት ሰዓት ያህል ከኬጅ ወጥተው፣ ሰው እያያቸው መሯሯጥ አለባቸው። ሁለት ሥራ የሚሠራ ወላጅ ይህን ሰዓት ከየት ያመጣዋል? «ልጆቹ ያዩታል» የሚለውን መልስ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ትምህርት ቤት ሲከፈት ልጆቹ አያዩትም።

አሁን ስለ ሽታው። እዚህ አገር ሱቅ የሚሸጡት ፌሬቶች አብዛኞቹ ተኮላሽተው፣ ፊንጢጣቸው አጠገብ ያለው የሽታ እጢም ወጥቶላቸው ነው የሚመጡት። ሻጩ «አይሸትም» የሚላችሁ ለዚህ ነው። ግን ቆዳቸው ራሱ ቅባት ያመነጫል፤ ያ ቅባት ይሸታል። የጥርኝን ዝባድ የምታውቁ፣ ከዚያ ቀለል ያለ ነገር አስቡ፤ ምንጣፍ ውስጥ ገብቶ የማይወጣ። መፍትሔ ብለው ቶሎ ቶሎ የሚያጥቡት ሰዎች ነገሩን ያብሱታል። ቆዳው ሲደርቅ ጭራሽ ተጨማሪ ቅባት ያመነጫል። የሚታጠበው የሚተኛበት ጨርቅ ነው፤ በየሳምንቱ። ሽታውን ለመሸፈን እጣን የሚያጨሱም አሉ። ጭስ ለእነሱ መተንፈሻ ጥሩ አይደለም። ቡና ስታፈሉ እሱን ሌላ ክፍል አስገቡትና በሩን ዝጉ።

ከሽታው የባሰው ግን ኩሱ ነው። አንጀታቸው አጭር ስለሆነ የበሉት በሦስት አራት ሰዓት ውስጥ ይወጣል። ቂጣቸውን ወደ ግድግዳ ማዕዘን አስጠግተው ነው የሚጸዳዱት። ድመት ሳጥኗን ትለምዳለች። ፌሬትም ይለምዳል፣ ግን ሲመቸው ብቻ። በሚወዳቸው ማዕዘኖች ሁሉ ሳጥን አስቀምጡ። ሳጥኑ ውስጥ እርጥበት ሲነካው የሚጓጉል አሸዋ አትጨምሩ፤ ከወረቀት የተሠራው እንክብል ይሻላል።

ስለ መንከስ የሚሉት ግማሹ እውነት ነው። ግልገል ፌሬት ጨዋታው ንክሻ ነው፤ በትዕግሥት ይተዋል። ቤታችሁ ጨቅላ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፌሬትንና ጨቅላን ለአንድ ደቂቃም ብቻቸውን አትተዉ። ከባድ ጉዳት የደረሰባቸው ሕፃናት አሉ። ሌላ ሰው ከነከሰ ደግሞ እንደ ውሻና እንደ ድመት ለ10 ቀን ተዘግቶበት ክትትል ሊደረግበት ይችላል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ጉዳይ ስለሆነ። የክትባት ወረቀቱን ከፓስፖርታችሁ ጋር አስቀምጡት። ይህ ክትባት በየዓመቱ ነው። ዲስተምፐር የሚባል፣ ከውሻም የሚተላለፍ የቫይረስ በሽታ ክትባትም አለ። ዲስተምፐር የያዘው ፌሬት አይተርፍም። አንዳንዶቹ ከክትባት በኋላ ሰውነታቸው ስለሚቆጣ ግማሽ ሰዓት ያህል ክሊኒኩ ውስጥ ቆዩ።

ቤት ማዘጋጀት የሚባለውን ነገር አቅልላችሁ አትዩት። ጭንቅላቱ በሾለከበት ቀዳዳ ሰውነቱ ሁሉ ይሾልካል። ሆዳችሁ ምንጣፉን እስኪነካ ተኙና ቤቱን ከሥር እዩት፤ ከማድቤት ቁም ሣጥን ሥር፣ ከማቀዝቀዣ ኋላ፣ የልብስ ማድረቂያው ቱቦ የሚገባበት። ወደ ኋላ የሚለጠጥ ወንበርና የሚታጠፍ አልጋ ካላችሁ አስወግዱ፤ ውስጡ ገብቶ ተኝቶ ሳለ ሰው ይቀመጥበታል። የልብስ ማጠቢያውን ከማስነሳታችሁ በፊት ውስጡን ዳስሱ። ላስቲክና ስፖንጅ ደግሞ ሱሳቸው ነው። የሪሞት ቁልፍ፣ የጫማ ገበር፣ የጆሮ ማዳመጫ ጎማ፣ የፍራሽ ጥግ። ይውጡትና አንጀታቸው ይዘጋል። መብላት ያቆመ፣ የሚያቅለሸልሸው፣ ኩስ ያጣ ፌሬት ካያችሁ እስከ ነገ አትጠብቁ። ቀዶ ሕክምናው ከሺህ ዶላር በላይ ነው የሚጠይቀው። እንግዳ ሲመጣም ቦርሳ ከወለል ላይ አንሱ፤ ቦርሳ ውስጥ የማይጠፋው የሕመም ማስታገሻ፣ አይቡፕሮፌን፣ ለፌሬት መርዝ ነው።

ምግቡ ሥጋ ብቻ ነው። ከደረቅ ምግብ ከገዛችሁ ፕሮቲኑ ከ35 በመቶ፣ ስቡ ከ15 በመቶ የማያንስ፣ ከእህል ሳይሆን ከሥጋ የተሠራ ይሁን። ዘቢብ፣ ሙዝ፣ ዳቦ ይወዳሉ፤ አይስማማቸውም። ወጥ አታቅምሱት፤ ሽንኩርቱና ነጭ ሽንኩርቱ ደሙን ይጎዳል። በሁዳዴ ጥሬ ዶሮ እየቆራረጣችሁ ማቅረብ የሚከብዳችሁ ከሆነ ከወዲሁ በደረቅ ምግብ አስለምዱት። በልጅነቱ ያላሸተተውን ምግብ ሲያድግ እንቢ ስለሚል በግልገልነቱ የተለያየ ነገር አቅምሱት። እናቴ ፆም ላይ መጥታ ማቀዝቀዣዬን ስትከፍት ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም።

ሙቀትም አይችሉም። ቤቱ ከ27 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ አደጋ ነው። የቨርጂኒያ ሐምሌ ማለት እናንተ ሥራ ላይ ሆናችሁም ኤሲው ይሠራል ማለት ነው። የመብራት ሒሳቡን ከወጪው ጋር ደምሩት።

ወደ አራተኛው ዓመት እንምጣ። ፌሬት ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት ይኖራል። ከሦስትና ከአራት ዓመቱ በኋላ ግን ክሊኒካችን የሚመጡት አብዛኞቹ በሁለት በሽታ ነው። አንዱ ኩላሊት አጠገብ ያለው፣ ሆርሞን የሚያመነጨው የአድሬናል እጢ በሽታ ነው። ፀጉሩ ከጅራቱ ጀምሮ ይመለጣል፣ ያሳክከዋል። ወንዱ ፕሮስቴቱ አብጦ መሽናት ሊያቅተው ይችላል፤ ያኔ ሰዓታት ዋጋ አላቸው። ብዙ ሐኪሞች ይህን በግልገልነት ከመኮላሸት ጋር ያያይዙታል። ከቆዳ ሥር የሚቀመጥ ዴስሎሬሊን የሚባል መድኃኒት አለ፤ ዓመት ገደማ ይሠራል፣ ከዚያ ይደገማል። አቡሽ ጅራቱ እንደ ገመድ ከሆነ ወዲህ በዚህ ነው የሚኖረው። ሁለተኛው ኢንሱሊኖማ ነው። ቆሽቱ ላይ እጢ ይወጣና ስኳሩን ያወርደዋል። ፈዝዞ አንድ ቦታ ያያል፣ ምራቁ ይዝረበረባል፣ የኋላ እግሩን ይጎትታል። እንዲህ ካያችሁ ጥጥ በተጠቀለለበት እንጨት ትንሽ ማር ድዱ ላይ ቀቡና ወዲያው ወደ ሐኪም ሂዱ። እያንቀጠቀጠው ከሆነ ጣታችሁን አፉ ውስጥ አትክተቱ። ከዚያ በኋላ ያለው የዕድሜ ልክ መድኃኒት ነው፤ በቀን ሁለቴ፣ ያለ እረፍት።

አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ሴቷን ሳትመክን ልትገዟት ትችላላችሁ። ሴት ፌሬት ወንድ የምትፈልግበት ወቅት ከጀመራት፣ ወንድ ካላገኛት አይለቃትም። ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን መቅኒዋን ያደርቀውና በደም ማነስ ልትሞት ትችላለች። ወቅቱ ሳይመጣ ሐኪም አነጋግሩ፤ ከቀዶ ሕክምና ይልቅ ያንኑ ከቆዳ ሥር የሚቀመጥ መድኃኒት የሚመርጡ አሉ።

የእኛ ጉንፋን ይይዛቸዋል። በ1933 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች የሰውን ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የለዩት ከታመመ ሰው ጉሮሮ የወሰዱትን ፌሬት ላይ ሞክረው ነው። ቤት ውስጥ የሚያስል ካለ ሌላ ሰው ያብላው፤ ሌላ ሰው ከሌለ ማስክ አድርጉ።

ይህን ሁሉ አንብባችሁ አሁንም የምትፈልጉ ከሆነ፣ ከሱቅ በፊት ስልክ አንሱ። አቅራቢያችሁ ያለውን ክሊኒክ «ፌሬት ታያላችሁ? ምርመራው ስንት ነው? ሌሊትና እሑድስ ማን ጋ ነው የምሄደው?» ብላችሁ ጠይቁ። የውሻና የድመት ሐኪም ሁሉ አያያቸውም። ከዚያ የመጠለያዎችን ገጽ እዩ፤ ሰው የሰለቻቸው ትልልቅ ፌሬቶች እዚያ አሉ። ጠባያቸው ይታወቃል፣ ብዙዎቹ ንክሻውንም ትተዋል። ለገና አዲስ አበባ የመሄድ ልማድ ካላችሁ ደግሞ ሦስት ሳምንት ማን ጋ እንደሚቆይ ዛሬ ጠይቁ። ውሻ የሚያሳድሩ ቤቶች ብዙዎቹ ፌሬት አይቀበሉም፤ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነማ እሺ የሚል ጎረቤትም አታገኙም።