ያገለገለ ማዝዳ አርኤክስ 8 ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ በምሠራበት ጋራዥ፣ በዋጋው ርካሽነት ተማርኮ አርኤክስ 8 የገዛ ወጣት መኪናውን በተጎታች ሳያመጣ ያለፈ ዓመት አላስታውስም። ሁሉም "አስፈትሼ ነው የገዛሁት" ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ነገር ግን ፈታሹ የሚያውቀው የፒስተን ሞተር ነው። ይህ መኪና ፒስተንም ሆነ ቫልቭ የለውም፤ ሞተሩ ሮተሪ የሚባል ዓይነት ሆኖ ኃይሉን የሚያገኘው ባለ ሦስት ማዕዘን በሆኑ ሁለት ሮተሮች መሽከርከር ስለሆነ፣ ለቶዮታ የሚበቃ ፍተሻ እዚህ ገዢውን ያሳስተዋል።

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት ኮምፕሬሽኑን፣ ማለትም ሞተሩ ውስጥ የሚታመቀውን ግፊት፣ ለሮተሪ በተሠራ መለኪያ ሳያስለኩ መግዛት ነው። እያንዳንዱ ሮተር ሦስት ፊቶች አሉት፤ በማዕዘኖቹ ጫፍ ላይ ደግሞ ኤፔክስ ሲል የሚባሉ ቀጫጭን ማሸጊያዎች ተሰክተዋል። አንዱ ማሸጊያ ሲሰበር በግራና በቀኙ ያሉት ሁለት ፊቶች አብረው ይዳከማሉ፣ ሦስተኛው ግን ጤነኛ ሆኖ ይቀራል። ተራው የኮምፕሬሽን መለኪያ የገባውን ግፊት አፍኖ ስለሚይዝ የሚያሳየው ከሦስቱ የበለጠውን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከሦስቱ ሁለቱ የሞቱበት ሮተር በዚያ መለኪያ ላይ ጤነኛ ይመስላል። ትክክለኛው መለኪያ ስድስት ቁጥሮች ይሰጣል፣ ለእያንዳንዱ ሮተር ሦስት ሦስት። ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ በደቂቃ 250 ዙር ሲያዞረው ደረጃው 830 ኪሎ ፓስካል ሲሆን ከ680 በታች የወረደ ሞተር እንደ ወደቀ ይቆጠራል፤ በአንድ ሮተር ፊቶች መካከል ያለው ልዩነትም ከ150 መብለጥ የለበትም። የዙሩ ፍጥነት ካልተጻፈ ቁጥሮቹ ብቻቸውን ብዙ አይናገሩም፣ ምክንያቱም ፈጣን ሞተሪኖ የደከመ ሞተርን ልኬት ከፍ አድርጎ ያሳያል። ሻጩ "ባለፈው ሳምንት ተለክቶ ጥሩ ነው ተብሏል" ካለዎት ወረቀቱን ይጠይቁት፤ "ጥሩ" ቁጥር አይደለም። ሜሪላንድ ያገለገለ መኪና ሲዛወር የምትጠይቀውን የደኅንነት ፍተሻ አልፏል ብሎ የሚከራከርዎትም አይጠፋም። ያ ፍተሻ ፍሬኑን፣ መሪውን፣ ጎማውንና መብራቱን ይመለከታል፤ ስለ ኮምፕሬሽን የሚለው ነገር የለም። ይህን ስንት ጊዜ እንዳስረዳሁ ቆጥሬ አልዘልቀውም።

ሁለተኛው ስህተት ቀዝቃዛ ሞተር በአንድ ቁልፍ ሲነሣ አይቶ መደሰት ነው። የደከመ ሮተሪ ሲቀዘቅዝ ብዙ ጊዜ በሰላም ይነሣል፤ የሚያስቸግረው በደንብ ከሞቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ያህል ይንዱት፣ ያጥፉት፣ አምስት ወይም አሥር ደቂቃ ቆይተው መልሰው ያስነሡት። ሞተሪኖው ያለ ፋታ እየዞረ ሞተሩ ቶሎ ካልተነሣ የሚፈልጉትን መልስ አግኝተዋል። ይህ ማለት ግን ቀዝቃዛው አነሣስ አይታይ ማለት አይደለም። ሲደርሱ ሞተሩ አስቀድሞ ሞቆ ከጠበቀዎት ሌላ ቀን ይመለሱ፣ ምክንያቱም የውኃ ማሸጊያው ያረጀ ሞተር የሚያወጣው ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ በይበልጥ የሚታየው በጠዋቱ የመጀመሪያ አነሣስ ላይ ነው።

"ዘይት አይበላም" የሚለውን እንደ ምስጋና መቀበልም ያስቃል፣ ያሳዝናልም። ይህ ሞተር ማሸጊያዎቹን ለማለስለስ ዘይት ወደ ማቃጠያው ክፍል እንዲረጭ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ነዳጅ ጥቂት ጊዜ በሞሉ ቁጥር የዘይት መለኪያውን እያወጡ ማየትና መጨመር የባለቤቱ ሥራ ነው። ፈጽሞ የማይጎድል ከሆነ ዘይት የሚረጨው ፓምፕ ሥራውን ስለ ማቆሙ መጠርጠር ይገባል። ከ2009 ወዲህ የወጡት ለእያንዳንዱ ሮተር አንድ መርጫ ተጨምሮላቸዋል፤ አቅምዎ ከፈቀደ እኔ እነሱን እመርጣለሁ።

የማይሉ ቁጥር ማነስ አያዘናጋዎት፤ ሱቅ ደርሶ በመመለስ ብቻ ያረጀ ሞተር ካርቦን ያጠራቅማል። ካንዴላዎቹና ኤሌክትሪክ የሚሰጧቸው ኮይሎች መቼ እንደተለወጡ ደረሰኝ ይጠይቁ፣ ምክንያቱም የደከመ ኮይል ያልተቃጠለ ቤንዚን የጭሱን መርዝ ወደሚቀንሰው ካታሊቲክ ኮንቨርተር እየላከ ያቃጥለዋል፤ የተደፈነ ኮንቨርተር ደግሞ ሙቀቱን ወደ ሞተሩ ይመልሳል። በሙከራው ጊዜ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ አይሳሱለት፤ የእጅ ካምቢዮ ያለው እስከ 9,000 ዙር እንዲሄድ የተሠራ ስለሆነ፣ መንገዱ ከፈቀደ እዚያ ድረስ ይውሰዱት። የፍሪሲዮኑ ፔዳል የታሰረበትን ብረት በባትሪ መብራት ይዩት፣ ይሰነጠቃል።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ሥራውን ከጀመርኩ ብዙም ሳልቆይ የደንበኛ አርኤክስ 8 ለሌላ መኪና ቦታ እንዲለቅ በቀዝቃዛው አስነሥቼ አምስት ሜትር ያህል አንቀሳቀስኩትና ወዲያው አጠፋሁት። ከሰዓት በኋላ ባለቤቱ መጥቶ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ አልነሣም፤ በቤንዚን ታፍኖ ነበር። አራቱንም ካንዴላዎች ፈትቼ እያደረቅሁ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ረግጬ ሞተሪኖውን እያዞርኩ እስኪመሽ ለፋሁ፤ ሰውየው ግን ትዕግሥቱ አላለቀም። ሻጩ ለእርስዎ ለማሳየት ብቻ ከጋራዥ አውጥቶ ወዲያው ሊያጠፋው ሲል ካዩ "ይሙቅ" ይበሉት።

ልኬቱ የወደቀ መኪና የግድ ይተው አልልም። ማዝዳ በአሜሪካ ከ2004 እስከ 2008 ለወጡት የሞተሩን ዋስትና ወደ 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል አራዝሞ ስለነበር ብዙዎቹ አንድ ጊዜ ሞተር ተለውጦላቸዋል፤ ዋስትናው ግን በሁሉም ላይ ካበቃ ቆይቷል። ስለዚህ "ሞተሩ አዲስ ነው" ሲባሉ ቀኑንና ማይሉን የያዘ ሰነድ ይጠይቁ፣ ከሌለ ደግሞ ሞተር እንደሌለው መኪና ይደራደሩ። ከደንበኞቼ አንዱ እንዲህ አድርጎ ገዝቶ፣ በተረፈው ገንዘብ ሞተሩን አስወርዶ፣ አሁንም ዘይቱን ሊጨምር ሲመጣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ የሞተሩን ድምፅ ያሰማኛል።