ባርቤኪው ዶሮ በቤት ውስጥ ምድጃ፦ ውጩ ሲያርር፣ ውስጡ ጥሬ ሲሆን

ባርቤኪው ዶሮ ለመብላት የግድ ግቢና ከሰል አያስፈልግም። በኮንዶሚኒየም ወጥ ቤት፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ ወይም በቡታጋዝ፣ አንድ ወፍራም መጥበሻና ክዳን ካለ ቆዳው የሚያብረቀርቅ፣ ሥጋው ከአጥንቱ በቀላሉ የሚላቀቅ ዶሮ መሥራት ይቻላል። አልሆነልንም ብለው የሚጠሩኝ ሰዎች ወጥ ቤት ስገባ የማየው በአብዛኛው አንድ ዓይነት ጥፋት ነው፤ ስለዚህ ብዙውን ቦታ ለእርሱ እሰጣለሁ። ዶሮ መገነጣጠልና ማጣፈጥ ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምነሳው።

ውጩ ከስሏል፣ ውስጡ አልበሰለም

ምልክቱ፦ ሶሱ ጠቁሮ ከመጥበሻው ጋር ተጣብቋል። ቤቱ በጭስ ታፍኗል። ታፋው ሲቆረጥ አጥንቱ ሥር ያለው ሥጋ ገና ያብረቀርቃል፣ ቀይ ውኃ ያዣል።

ምክንያቱ፦ ሶሱ ቀድሞ ገብቷል። እሳቱ በዝቶ ነው፣ ዶሮው ትልቅ ሆኖ ነው፣ መጥበሻው ሳስቶ ነው ይባላል። ሁሉም ያባብሳሉ፤ ዋናው ጥፋት ግን የሶሱ ሰዓት ነው።

ልማዱ ከወጥ የመጣ ይመስለኛል። ዶሮ ወጥ ሲሠራ ቁሌቱ ይሰናዳል፣ ዶሮው ይገባበታል፣ ከዚያ አብረው ይንተከተካሉ። ቁሌቱ ሽንኩርትና ውኃ ስለሆነ ደረቅ ሲል ጠብ እየተደረገለት ረጅም ሰዓት እሳት ላይ ይቆያል። ይህን የለመደ እጅ የባርቤኪው ሶስም ሲያገኝ ዶሮው ላይ ገልብጦ ምድጃ ላይ ይጥደዋል። የባርቤኪው ሶስ ግን ከቁሌት ጋር ምንም ዝምድና የለውም። የጠርሙሱን ጀርባ አንብቡ፤ በብዙዎቹ ላይ በ2 የሾርባ ማንኪያ ሶስ ውስጥ ከ12 እስከ 16 ግራም ስኳር አለ። ከክብደቱ ሲሶ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ስኳር ነው ማለት ነው። ቤት ውስጥ በካቻፕ፣ በማርና በቡናማ ስኳር የሚሠራውም ከዚህ የራቀ አይደለም። ተራ ስኳር 160 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ መቅላት ይጀምራል፤ በማር ውስጥ በብዛት ያለው ፍሩክቶስ ደግሞ ከዚያ በብዙ ዝቅ ባለ ሙቀት ይቀላል። በደንብ የጋለ መጥበሻ 200 ዲግሪን ያልፋል። ከነአጥንቱ ያለ ታፋ በስሎ ለመውጣት ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ስኳሩ በዚህ ሙቀት ላይ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚችለው። ስለዚህ ሶስ ቀድሞ ከገባ ወይ ሶሱ ያርራል፣ ወይ ዶሮው ጥሬውን ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ይሆናሉ።

አንዲት ጎረቤቴ ለልጇ ልደት ሁለት ዶሮ ገነጣጥላ ሌሊቱን ሙሉ በሶስ ዘፍዝፋ አሳደረች። እንግዶች ሊመጡ ሰዓት ሲቀረው ጠራችኝ። የመጥበሻው ወለል ጥቁር ቅርፊት ሆኗል፤ እሷ ደግሞ እንዳይጣበቅ ብላ ላዩ ላይ ሶስ ትጨምርበታለች። አዲሱም ሶስ በገባ በደቂቃ ውስጥ ያርራል። ለመጣበቅ መድኃኒቱ ሶስ መጨመር አይደለም! አንዱን ታፋ ስቆርጠው መሐሉ ገና ቀዝቃዛ ነበር።

ሌላው ወጣት ደግሞ ሶሱን በትክክለኛው ሰዓት ነው የጨመረው፤ እሳቱንም ወደ ዝቅተኛ መልሷል። ነገር ግን የኤሌክትሪክ ምድጃው ጥቅልል ሽቦ ማብሪያው ቢዞርም ቀይ እንደሆነ ይቆያል። ይህን ባለማወቁ አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሁሉንም አከሰለው። የኤሌክትሪክ ምድጃ ያላችሁ ይህን ያዙ፦ እሳት መቀነስ ማለት ማብሪያውን ማዞር ብቻ አይደለም፤ ሽቦው ቀይነቱን እስኪተው መጥበሻውን ከላዩ ማንሳት ነው።

መፍትሄው፦ ዶሮው ያለ ሶስ ሙሉ በሙሉ ይብሰል፤ ሶሱ በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ይቀባ። አካሄዱ እንዲህ ነው።

ዶሮውን ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በፊት፣ ቢቻል ከማታው፣ በጨው፣ በቁንዶ በርበሬና በነጭ ሽንኩርት ብቻ አሹት። በርበሬና ሚጥሚጣ በዚህ ደረጃ አታስነኩት፤ የጋለ ብረት ላይ የወደቀ በርበሬ አርሮ ይመራል። ከፈለጋችሁ ሶሱ ውስጥ ጨምሩት።

መጥበሻውን በመካከለኛ እሳት አሙቁ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት በቂ ነው። ዶሮውን በቆዳው በኩል አስቀምጡና ከ10 እስከ 12 ደቂቃ አትንኩት። መነካካት የሚወድ እጅ ቆዳውን ይገሽልጠዋል። ቆዳው በደንብ ሲቀላ ራሱ ከመጥበሻው ይላቀቃል፤ ካልተላቀቀ ጊዜው አልደረሰም።

ገልብጡት፣ አንድ የቡና ስኒ ውኃ ጨምሩ፣ ክዳኑን ግጠሙ፣ እሳቱን ዝቅ አድርጉ። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይበስላል። ውስጡን የሚያበስለው ይህ እንፋሎት ነው፤ ክዳን የሌለው መጥበሻ ይዛችሁ አትጀምሩ። የምግብ ቴርሞሜትር ካላችሁ አጥንቱን ሳይነካ በወፍራሙ ቦታ ውጉት። 74 ዲግሪ ለጤና የሚያስተማምነው ዝቅተኛ ልክ ነው፤ ታፋና እግር ግን ከ80 እስከ 85 ሲደርሱ ነው ጅማታቸው ለቆ የሚጣፍጡት። ቴርሞሜትር ከሌለ አጥንቱ አጠገብ በቢላዋ ውጉ፤ የሚወጣው ፈሳሽ ንጹሕ መሆን አለበት፣ ቢላዋውም ሳይታገል መግባት አለበት።

አሁን ሁሉም ሰው የሚዘለው ደረጃ መጣ። ዶሮውን ወደ ሳሕን አውጡ፣ ስቡንና ውኃውን ድፉ፣ የመጥበሻውን ወለል ጥረጉ። ወለሉ ላይ የቀረው ፍርፋሪ ቀድሞ ያረረ ነው፤ ሶስ ሲነካው መራራነቱን ለሁሉም ያዳርሳል። ስቡ ካልተደፋ ደግሞ ሶሱ ዶሮው ላይ አይይዝም፤ ተንሸራትቶ ይወርዳል።

መጥበሻውን በዝቅተኛው እሳት ላይ መልሱ። ሶሱን በአንድ ማንኪያ ውኃ አቅጥናችሁ በስሱ ቀቡ፣ በየደቂቃው አገላብጡ፣ ሦስት ጊዜ ያህል ደጋግሙ። ዓይናችሁን ከመጥበሻው አትንቀሉ፤ ስልክ አታንሱ። ሶሱ መጀመሪያ በትንንሽ አረፋ ቶሎ ቶሎ ይፈላል። ውኃው እያለቀ ሲሄድ አረፋው ይተልቃል፣ ፍንዳታው ይዘገያል፣ ቀለሙ ከቀይ ወደ ቡናማ ይዞራል፣ የተቆላ ስኳር ይሸታል። ያን ጊዜ ማንሳት ነው። ጭስ ካያችሁ ዘግይታችኋል።

ጉዳቱ ከደረሰ ማዳን ይቻላል። ያረረውን ሶስ ከዶሮው ላይ በማንኪያ ፍቃችሁ አስወግዱ፣ የከሰለ ቆዳ ካለ ግፈፉ። ሌላ ንጹሕ ድስት ውስጥ በአንድ ስኒ ውኃ ከድናችሁ ውስጡ እስኪበስል አቆዩት፤ ከዚያ አዲስ ሶስ ቀቡት። የልደቱ ዶሮ በዚህ መንገድ ነው ለእንግዶቹ የደረሰው። ያረረውን መጥበሻ በውኃ አላቅቃችሁ ያንኑ መረቅ ለሶስ እጠቀማለሁ ብላችሁ አታስቡ፤ ምሬቱ በማርም በስኳርም አይሸፈንም።

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየቀባሁ ካልሠራሁ የሚል ሰው ስኳር የሌለው ሶስ ይሥራ። በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ሮበርት ቤከር እ.ኤ.አ. በ1950 ያሳተሙት የባርቤኪው ዶሮ አሠራር እስካሁን በኒው ዮርክ ግዛት ይወደዳል። ዘይት፣ ኮምጣጤ፣ እንቁላል፣ ጨውና ቅመም ነው፤ የሚከስል ስኳር ስለሌለው እሳት ላይ ይታገሣል። ጥሬ እንቁላል ስላለበት ግን በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች አይቀባም።

ስለ መጥበሻው አንድ ነገር ልበል። በየገበያው የተደረደረው ስስ አልሙኒየም መጥበሻ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሲግል ወለሉ ይጎብጣል፣ ዘይቱ ወደ ጠርዝ ይሸሻል፣ መሐሉ ያርራል፣ ዳሩ ያለው ዶሮ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። በዓመት ሦስት ርካሽ መጥበሻ ከመግዛት አንድ ወፍራም ብረት መግዛት ይሻላል። ከሌለ ወፍራሙን የወጥ ድስት ተጠቀሙ።

ቆዳው አይቀላም፣ ነጭና ልፍስፍስ ነው

ምክንያቱ ውኃ ነው። በየቤታችን ዶሮ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ይታጠባል፤ ከዚያ ውኃው እየተንጠባጠበ መጥበሻ ውስጥ ይገባል። ውኃው ተኖ እስኪያልቅ የቆዳው ሙቀት ከ100 ዲግሪ አያልፍም፤ በዚያ ሙቀት ደግሞ ዶሮ ይቀቀላል እንጂ አይቀላም። መፍትሄው በወጥ ቤት ወረቀት ወይም በንጹሕ ጨርቅ ጥርግ አድርጎ ማድረቅ ነው፤ ጨርቁ ወዲያው ይታጠብ። ጨው ተነስንሶበት ሳይከደን ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢያድር ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። በፋብሪካ ታርዶና ጸድቶ የታሸገ ዶሮ ማጠብ አያስፈልግም፤ የሚፈናጠቀው ውኃ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የተባሉትን ባክቴሪያዎች ወደ ሰላጣው ያደርሳል። ቤት የታረደ ከሆነና መታጠብ ካለበት በጎድጓዳ ሳሕን ውስጥ ቀስ ብላችሁ እጠቡ፤ ከቧንቧ ሥር አይሁን።

መጥበሻ ማጨናነቅም ያው ውጤት አለው። በቁርጥራጮቹ መካከል የጣት ስፋት ያህል ክፍተት ይኑር፤ ካልበቃ በሁለት ዙር ሥሩ።

ሥጋው እንደ ጎማ ነው

የሐበሻ ዶሮ ነው፤ በተለይም ዕድሜው የገፋ አውራ ወይም እንቁላል የጨረሰች ዶሮ። ይህ ዶሮ ለወጥ የተመሰገነ ነው፤ በመጥበሻ ብቻ ግን አይበገርም። መጀመሪያ በሽንኩርትና በጨው ውኃ ሥጋው እስኪለሰልስ፣ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ፣ በዝግታ ቀቅሉት። አድርቃችሁ ቆዳውን በዘይት አቅሉ፤ ሶሱን በመጨረሻ ቀቡ። መረቁን አትድፉ፤ ለሾርባ ወይም ለፍርፍር ይሆናል።

ደረቱ ደርቋል

ደረትና ታፋ እኩል አይበስሉም። ደረቱን 74 ዲግሪ እንደደረሰ አውጡና ታፋውን ብቻውን አስቀጥሉ።

የጭስ ጣዕም የለውም

እዚህ ላይ እባካችሁ ስሙኝ። ጣዕሙ እንዲመጣ ተብሎ የከሰል ምድጃ ወደ ቤት ውስጥ አይገባም። መስኮት ተከፍቷል፣ ከሰሉ ነጥቷል፣ ጭሱ አልቋል ማለት ዋስትና አይሆንም። የከሰል ፍም የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲጀምር ሰውየው በሩን ለመክፈት አቅም ሊያጣ ይችላል። በክረምት ለሙቀት ብለው ከሰል ቤት አስገብተው በተኙበት የቀሩ ቤተሰቦችን ወሬ ያልሰማ ሰው በአገራችን የለም። በረንዳ ላይ አቀጣጥሎ ሲነጣ ማስገባትም ያው ነው። አሜሪካ በአፓርትመንት የምትኖሩ ደግሞ በብዙ ሕንጻ በረንዳ ላይ ከሰል ማቀጣጠል ክልክል ነው፤ የኪራይ ውላችሁን አንብቡ። ለአንድ ምሳ ጣዕም ተብሎ በቤተሰብ ሕይወት አይደፈርም።

ጣዕሙ ከሌላ ቦታ ይመጣል። የታጠነ የፓፕሪካ ዱቄት አንድ የሻይ ማንኪያ ሶሱ ውስጥ ጨምሩ። ያ ካልተገኘ ሽንኩርትና ቲማቲም በደረቅ መጥበሻ ላይ ጠቆር እስኪል ጠብሳችሁ ፍጩና ከሶሱ ጋር ቀላቅሉ።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

አጥንቱ አካባቢ ጠቁሯል፣ ሥጋው ግን 74 ዲግሪን አልፏል፦ በስሏል፤ ቀለሙ ከወጣት ዶሮ መቅኔ የሚመጣ ነው፣ በተለይም ከበረዶ በወጣ ዶሮ ላይ።

ላዩ በስሎ መሐሉ በረዶ ነው፦ ሳይቀልጥ ተጥዷል። ከማታው ከበረዶ ቤት ወደ ማቀዝቀዣው የታችኛው ክፍል አውርዱት።

የማይጣበቅ ልባስ ያለው መጥበሻ መጥፎ ሽታ አወጣ፦ ባዶውን ግሏል። ልባሱ ከ260 ዲግሪ በላይ መፍረስ ይጀምራል፤ አጥፉ፣ መስኮት ክፈቱ።

መብራት መሐል ላይ ጠፋ፦ በግማሽ የበሰለ ዶሮ አይቀመጥም። ወዲያውኑ ቡታጋዝ ላይ አዙሩት፤ አማራጭ ከሌለና ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ ጣሉት።

ሶሱ ከጠርሙሱ ሲወጣ ደህና ነበር፣ በማግስቱ ግን ሰው ታመመ፦ ጥሬ ዶሮ የነካው ብሩሽ ተመልሶ ጠርሙሱ ውስጥ ገብቷል። ለመቀቢያ የሚሆነውን ቀድማችሁ በትንሽ ሳሕን ቅዱ፣ የተረፈውን ድፉ፣ ለማዕድ የሚቀርበው ሌላ ይሁን።

ያደረ ዶሮ ሲሞቅ ሶሱ አረረ፦ በሁለት ማንኪያ ውኃ፣ በተከደነ መጥበሻ፣ በዝቅተኛ እሳት አሙቁት፤ ክዳኑን የምታነሱት ውስጡ በደንብ ከሞቀ በኋላ ነው።