በአርቪ ዴዝ ቫሊ ውስጥ እንዴት መስፈር ይቻላል?

አርቪ መኝታው፣ ምድጃው፣ ፍሪጁና መጸዳጃው አብሮት የሚጓዝ ተሽከርካሪ ነው። ቤቱን ጭኖ የሚሄድ ሰው ግን የቧንቧ መስመሩንና የኤሌክትሪክ ቆጣሪውን ከኋላው ትቶ ነው የሚሄደው። ይህ ጉድለት ውሃ በሞላበት ጫካ ዳር ሲሰፍሩ ብዙም አይሰማም፤ በረሃ ውስጥ ግን በሁለተኛው ቀን ጎልቶ ይወጣል። በምሥራቅ ካሊፎርኒያ ከኔቫዳ ድንበር አጠገብ በሚገኘው የዴዝ ቫሊ ብሔራዊ ፓርክ፣ የሸለቆው ወለል በዓመት የሚያገኘው ዝናብ በአማካይ 50 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እዚያ ጥቂት ቀናት በሰላም መሰንበት የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚገባውንም የሚወጣውንም ውሃ ማስላት ይኖርበታል።

ወቅቱን ይምረጡ

ጉዞውን ከኖቬምበር እስከ ማርች ባለው ጊዜ ያድርጉት። በጃንዋሪ የቀኑ ሙቀት በአማካይ 19 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሆን ሌሊቱ ወደ 4 ዲግሪ ይወርዳል፤ ስለዚህ ወፍራም ብርድ ልብስ መያዝ ያስፈልጋል። በጁላይ ግን የቀኑ አማካይ ሙቀት ከ46 ዲግሪ ያልፋል። በጁላይ 10 ቀን 1913 በሸለቆው ወለል ላይ በሚገኘው በፈርነስ ክሪክ የተለካው 56.7 ዲግሪ በዓለም የሜትሮሎጂ ድርጅት መዝገብ ላይ እስከ አሁን ከፍተኛው የአየር ሙቀት ሆኖ ሰፍሯል። ሸለቆው ጠባብና ጥልቅ ነው፤ ባድዋተር የተባለው ዝቅተኛ ስፍራ ከባሕር ጠለል በታች 86 ሜትር ላይ ሲገኝ፣ ከምዕራብ የሚያጥረው የቴሌስኮፕ ጫፍ 3,368 ሜትር ይደርሳል። ከመሬቱ ግሎ የሚነሣው አየር በተራሮቹ መካከል ተይዞ ተመልሶ ይወርዳል፣ ሲወርድም እየታመቀ የባሰ ይሞቃል። የአገሩ ባለቤቶች የሆኑት የቲምቢሻ ሾሾኒ ሰዎች ቀዝቃዛዎቹን ወራት በወለሉ ላይ አሳልፈው ሙቀቱ ሲበረታ ወደ ፓናሚንት ተራሮች ይወጡ ነበር፤ ወቅትን በመምረጥ ረገድ ከእነርሱ የተሻለ መምህር አላውቅም። ዛሬም በፈርነስ ክሪክ መንደራቸው ውስጥ ይኖራሉና ሳይጋበዙ ወደ ግቢያቸው አይዝለቁ።

መግቢያውንና የመስፈሪያውን ቦታ ይወስኑ

ከባድ አርቪ ለሚነዳ ሰው ከላስ ቬጋስ ተነሥቶ በፓራምፕና በዴዝ ቫሊ ጃንክሽን በኩል መግባት ይሻላል፤ መንገዱ ከምዕራቡ የተሻለ ለዘብ ያለ ነው። በምዕራብ በኩል የሚገባው ግን 1,511 ሜትር ከፍታ ያለውን ታውን ፓስ ወጥቶ ከዚያ እስከ ስቶቭፓይፕ ዌልስ፣ ማለትም እስከ ባሕር ጠለል ድረስ፣ ሳያቋርጥ ይወርዳል። በዚህ ቁልቁለት ፍሬን ረግጦ ይዞ መውረድ ፍሬኑን አግሎ ከሥራ ውጪ ሊያደርገው ስለሚችል፣ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ቀንሰው ሞተሩ ተሽከርካሪውን እንዲይዘው ያድርጉ። በፓርኩ ውስጥ የነዳጅ ማደያ ያላቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፣ ዋጋቸውም ይወደዳል፤ ስለዚህ ከመግባትዎ በፊት ሞልተው ይግቡ።

ውሃ፣ ኤሌክትሪክና የፍሳሽ መስመር በአንድነት የሚገናኙባቸው ቦታዎች በፈርነስ ክሪክና በስቶቭፓይፕ ዌልስ ቢኖሩም ቁጥራቸው አነስተኛ ነው፤ ቀድመው ካላስያዙ አያገኙም። ሳንሴት የተባለው ሰፊ መስፈሪያ መስመር ባይኖረውም የመጠጥ ውሃ መሙያና የቆሻሻ ውሃ ማፍሰሻ ጣቢያ አለው፤ ለጀማሪ ቤተሰብ እርሱን እመርጣለሁ። በማርች መጨረሻ ወለሉ መሞቅ ሲጀምር 550 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለው ወደ ሜስኪት ስፕሪንግ መዛወር ጥቂት ዲግሪዎችን ያተርፋል። ከ7.6 ሜትር በላይ ርዝመት ያላቸው ተሽከርካሪዎች በአርቲስትስ ድራይቭም ሆነ በዳንቴስ ቪው የመጨረሻ መንገድ ላይ እንደማይፈቀዱ ልብ ይበሉ፤ ረጅም አርቪ ያለው ሰው ከኋላው ትንሽ መኪና ጎትቶ ቢመጣ ዋና ዋናዎቹን ስፍራዎች ማየት ይችላል።

ውሃውን ያስሉ

የብዙ ሰዎች ስህተት የንጹሕ ውሃ ታንከራቸውን ብቻ መቁጠራቸው ነው። አርቪ ሦስት ታንከሮች አሉት፤ አንዱ ንጹሕ ውሃ፣ ሁለተኛው ከእጅና ከዕቃ መታጠቢያ የሚወርደውን እጣቢ፣ ሦስተኛው የመጸዳጃውን ፍሳሽ ይይዛል። በአብዛኛው ቀድሞ የሚሞላውና ቆይታውን የሚያሳጥረው እጣቢው ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። አራት ሰዎች 150 ሊትር ንጹሕ ውሃና 110 ሊትር የእጣቢ ታንከር ባለው አርቪ ተሳፈሩ እንበል። እያንዳንዱ ሰው ለእጥበት፣ ለማብሰልና ለመጸዳጃ በቀን 12 ሊትር ብቻ ቢጠቀም፣ በቀን 48 ሊትር ይወጣና ንጹሑ ውሃ ለሦስት ቀን ይበቃል። ከዚያ ውስጥ 40 ሊትሩ ወደ እጣቢው ከወረደ ግን የእጣቢው ታንከር ሦስተኛው ቀን ሳይመሽ ይሞላል፤ ከመታጠቢያው ወለል ላይም ውሃው ተመልሶ ብቅ ማለት ይጀምራል። እጣቢን መሬት ላይ ማፍሰስ የተከለከለ በመሆኑ ያኔ ያለው አማራጭ ሰፈሩን ነቅሎ ወደ ማፍሰሻው መንዳት ነው።

ይህን የሚያራዝመው የዕቃ አጠባብ ነው። ሳህኑ ላይ የቀረውን ቅባትና ወጥ በወረቀት ጠርገው ወረቀቱን ወደ ቆሻሻ ከረጢት ይጣሉ፤ ከዚያም በእጅ በሚረጭ ጠርሙስ ውስጥ ሳሙና የተቀላቀለበት ውሃ ሳህኑ ላይ ረጨት አድርገው ይሹት፣ በመጨረሻም ከሌላ ጠርሙስ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት። ቧንቧ ከፍቶ ማጠብ የሚጨርሰውን ባልዲ ሙሉ ውሃ ይህ ዘዴ በሁለት ሊትር ገደማ ይተካዋል፤ ወደ ታንከሩ የሚወርደው እጣቢም ቅባት ስለሌለው አይሸትም። ገላ ሲታጠቡም ውሃው እስኪሞቅ የሚፈሰውን ቀዝቃዛ ውሃ በባልዲ ተቀብለው ለመጸዳጃው ያውሉት።

የመጠጥ ውሃ ከዚህ ሂሳብ ውጪ ነው። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 4 ሊትር ይዘው፣ ከታንከሩ ተለይቶ በጀሪካን ይቀመጥ፤ ፓምፑ ቢበላሽ ወይም ታንከሩ ቢያፈስ የሚያድነው ይህ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን ዳገቱን በሞላ ታንከር መውጣት ሞተሩን ያደክማል፤ ታንከሩን በከፊል ሞልተው መጥተው መስፈሪያው ላይ መሙላት ይችላሉ። ጀሪካኑን ግን በምንም ምክንያት ባዶ አያድርጉት።

ጎማውን ይመርምሩ

የጎማውን ንፋስ ጠዋት፣ ተሽከርካሪው ሳይንቀሳቀስ ይለኩ። በሙቀትና በጉዞ የጨመረውን ንፋስ ማስተንፈስ ጎማውን ሲቀዘቅዝ ያጎድለዋል፣ የጎደለ ጎማ ደግሞ ይበልጥ ይግላል። የአርቪ ጎማ ብዙ ጊዜ ጥርሱ ሳያልቅ በዕድሜ ይሰነጠቃል፤ በጎኑ ላይ ከታተሙት ቁጥሮች የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፣ ለምሳሌ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው።

አቁመው ያደላድሉ

ቦታው ላይ ሲደርሱ ውሃ ልክ ወለሉ ላይ አስቀምጠው ዝቅ ባሉት ጎማዎች ሥር ጣውላ እያስገቡ ያስተካክሉ፤ ከዚያም ጎማዎቹን በታኮ ይያዙ። በጋዝ የሚሠራ ፍሪጅ ፈሳሹ በስበት ስለሚዘዋወር፣ ተሽከርካሪው ካዘመመ ማቀዝቀዙን ያቆማል፣ ሊበላሽም ይችላል። ፍሪጁ ያለበትን ጎን ከከሰዓት በኋላ ፀሐይ ማዞርም ይረዳል።

ኤሌክትሪኩን ይመጥኑ

100 አምፔር ሰዓት የሆነ የእርሳስ ባትሪ ጉዳት ሳይደርስበት የሚሰጠው ግማሹን ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ለመብራት፣ ለፓምፕና ለአየር ማራገቢያ ይበቃል። ጣራ ላይ ያለው ኤር ኮንዲሽነር ግን 1,500 ዋት ገደማ ይፈልጋል፤ ይህም ከ12 ቮልት ባትሪ ከ120 አምፔር በላይ መሳብ ማለት ስለሆነ ባትሪውን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ያለ ኤሌክትሪክ መስመር የሚሰፍር ሰው ኤር ኮንዲሽነሩን ይርሳው፤ ጠዋት መስኮቶቹን ከፍቶ ብርዱን ያስገባ፣ ፀሐይ ስትበረታ መጋረጃዎቹን ይዝጋ። ጀነሬተር በተወሰኑ የቀን ሰዓታት ብቻ ይፈቀዳል፣ በቴክሳስ ስፕሪንግስ መስፈሪያም ፈጽሞ የተከለከለ ነው። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያው መሥራቱን ሳያረጋግጡ ጀነሬተርም ሆነ የጋዝ ማሞቂያ ለኩሰው አይተኙ።

ንፋስንና ጎርፍን ይጠብቁ

ከአርቪው ጎን የሚዘረጋው የጥላ ሸራ ከሚበላሽባቸው ምክንያቶች ዋናው ሰዎች ዘርግተውት ለእግር ጉዞ መሄዳቸው ነው። በዚህ ሸለቆ፣ በተለይ በማርችና በኤፕሪል፣ ጸጥ ያለው ከሰዓት በአሸዋማ ንፋስ ሊተካ የሚፈጅበት ጊዜ አጭር ነው፤ ንፋሱ ሸራውን ከነብረቱ ገንጥሎ ጣራው ላይ ሊጥለው ይችላል። ከአጠገቡ ሲለዩና ሲተኙ ይጠቅልሉት።

ደረቅ የወንዝ መሄጃ ላይ ደግሞ፣ ምንም እንኳ ሜዳው ለማቆም ቢያማልልም፣ አይስፈሩ። የበረሃው መሬት ውሃ ቶሎ አይመጥም፤ ተራራው ላይ የዘነበው ዝናብ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቦታ ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ይደርሳል። በኦገስት 20 ቀን 2023 በአንድ ቀን የጣለው 56 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ መንገዶቹን በመቆራረጡ ፓርኩ እስከ ኦክቶበር 15 ተዘግቶ ቆይቷል። የስልክ መረብ በአብዛኛው ስለማይሠራ የመንገዶቹን ሁኔታ ከመነሣትዎ በፊት ያጣሩ፣ የታተመ ካርታም ይያዙ። ተሽከርካሪው ከተበላሸ ከእርሱ አይራቁ፤ ጥላና ውሃ ያለው እዚያ ነው፣ ለሚፈልግዎ ሰውም ከእግረኛ ይልቅ አርቪ ከሩቅ ይታያል።

ሲወጡ

በመጨረሻው ጠዋት መጀመሪያ የመጸዳጃውን፣ ቀጥሎ የእጣቢውን ታንከር ያፍሱ፤ ሳሙናማው እጣቢ ቱቦውን አጥቦለት ይወጣል። ዳገቱን ፀሐይ ሳትበረታ ይጀምሩ፣ ዳገቱን ሲወጡም የሹፌሩን ክፍል ኤር ኮንዲሽነር ያጥፉ። የሞተሩ ሙቀት መለኪያ ወደ ቀይ ከተጠጋ ጠርዝ ይዘው ይቁሙና የተሽከርካሪውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፍተው ሞተሩ በዝግታ እየሠራ እንዲበርድ ይጠብቁ፤ የራዲያተሩን ክዳን ግን ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ አይንኩ።