የኮሚኒቲ ንግግር ለምን ይከሽፋል? ለኦፕን ሶርስ ዌብ ኮንፈረንስ አዘጋጆች ችግርና መፍትሄ

ድሩፓል፣ ዎርድፕረስ፣ ጃንጎ። ሦስቱም ማንም ወስዶ ሊሠራባቸውና ሊያሻሽላቸው የሚችል ኦፕን ሶርስ የዌብ ሶፍትዌሮች ናቸው። ሦስቱም ከብዙ አገር ሰው የሚሰበስቡ ኮንፈረንሶች አሏቸው። እዚያ የሚወራው ስለ ኮድ ብቻ አይደለም። አዲስ ሰው እንዴት እንደሚገባ፣ ትርጉሙን ማን እንደሚሠራ፣ የደከመውን ማን እንደሚተካ፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ፣ ውሳኔው የማን እንደሆነም ይወራል። የኮሚኒቲ ንግግር የሚባለው ይኸው ነው።

ብዙ አዘጋጆች እነዚህን ንግግሮች የፕሮግራም ክፍተት መሙያ ያደርጓቸዋል። ይህ ያናድደኛል። በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ኤክስዚ በተባለ የፋይል መጭመቂያ ሶፍትዌር ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ፣ ሰርጎ ገብ የሚገባበት የጀርባ በር ተገኘ። ነገሩ የጀመረው ከኮድ አልነበረም። ሶፍትዌሩን ለዓመታት ብቻውን ሲንከባከብ የኖረው በጎ ፈቃደኛ ደክሞት ነበር። ማንነታቸው የማይታወቅ አካውንቶች «ለሌላ ሰው አስረክብ» እያሉ ወጥረው ያዙት። ረዳት መስሎ የቀረበው ሰው ቀስ በቀስ እምነት አገኘና አዲስ እትም የማውጣት ሥልጣን ተሰጠው። ስለ ድካም፣ ስለ መተካካት፣ ስለ እምነት በግልጽ የሚወራበት መድረክ ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው።

ከታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ የሚታዩት በኮንፈረንሱ ዕለት ነው። የሚጀምሩት ግን ከወራት በፊት፣ ተናጋሪዎች የንግግር ሐሳብ እንዲያቀርቡ የሚጋብዘው የፕሮፖዛል ጥሪ ሲጻፍ ነው።

ችግር፦ የመጣው ፕሮፖዛል ብዙ ነው፤ የኮሚኒቲው ግን ወይ የለም፣ ወይ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው

«የኮሚኒቲ ኃይል»፣ «አብረን እንደግ»፣ «ኦፕን ሶርስ ሕይወቴን ቀየረው»። እንዲህ ያሉ ርዕሶች ከተደረደሩላችሁ ጥፋቱ የአመልካቾቹ አይደለም። ጥሪያችሁን መልሳችሁ አንብቡት። ስለ ኮድ ሲሆን «ስለ ፍጥነት፣ ስለ ደህንነት፣ ስለ ኤፒአይ» ብላችሁ ዘርዝራችኋል። ኮሚኒቲ ላይ ስትደርሱ ግን «ስለ ማህበረሰባችን ማንኛውም ሐሳብ» ብላችሁ አልፋችኋል። እንደ ነገሩ የተጠየቀ ሰው እንደ ነገሩ ይመልሳል።

መፍትሄው ጥሪውን በጥያቄ መጻፍ ነው። ለምሳሌ እንዲህ፦ «ከፕሮጀክታችሁ ጥሎ የሄደ ሰው ለምን ሄደ? ከዚያ በኋላ ምን ቀየራችሁ?» «አሠሪያችሁ ለኦፕን ሶርስ ሥራ ሰዓት እንዲሰጣችሁ እንዴት አሳመናችሁት?» «በቋንቋችሁ ትርጉሙን የሚያጸድቀው ማነው? እሱ ሲጠፋስ ምን ይሆናል?»

የመጨረሻዋን ጥያቄ ጠጋ ብለን እንያት። ዎርድፕረስ ላይ ማንም ሰው የትርጉም ሐሳብ ማስገባት ይችላል። ሐሳቡ ሥራ ላይ የሚውለው ግን የቋንቋው አርታኢ ሲያጸድቀው ነው። አጽዳቂ በሌለበት ቋንቋ መቶ ሰው ተቀምጦ ቢተረጉም ሥራው ወረፋ ላይ ይቀራል። አሁን አንድ የአማርኛ ተርጓሚ «ዎርድፕረስ በአማርኛ» የሚል ፕሮፖዛል ላከ እንበል። ይህ ርዕስ ምንም አይነግረንም። ያው ሰው «ተርጓሚ ሞልቶ አጽዳቂ ሲጠፋ፦ አንድ የቋንቋ ቡድን ወረፋውን እንዴት አቃለለ» ብሎ ቢጽፈው ግን ከስዋሂሊም ከኔፓሊም ቡድን ሰው መጥቶ ይቀመጣል። ችግሩ የሁሉም ነዋ።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ አመልካች ሦስት ነገር ጠይቁ። ምን ሆነ? ምን አደረጋችሁ? የሰማችሁ ሰው ሰኞ ጠዋት ቢሮ ሲገባ ምን መሞከር ይችላል? ሦስተኛውን መመለስ ያቃተው ፕሮፖዛል ገና አልበሰለም። አትጣሉት፤ ጻፉለትና ያሻሽለው።

ችግር፦ በየዓመቱ ያው ሰው ነው የሚናገረው

አንዱ ምክንያት ስም ነው። ገምጋሚ የሚያውቀውን ስም ሲያይ እጁ ወደዚያ ያደላል። በጃንጎና ጃንጎ በተጻፈበት የፕሮግራሚንግ ቋንቋ በፓይተን ኮንፈረንሶች የተለመደው መላ የመጀመሪያውን ዙር ያለ ስም መገምገም ነው። ፕሪታልክስ የተባለው፣ ራሱም ኦፕን ሶርስ የሆነው የፕሮፖዛል መቀበያ ስም ደብቆ ማስገምገም ያስችላል።

በኮሚኒቲ ንግግር ላይ ግን ይህ ብቻውን አይበቃም። እዚህ ተናጋሪው ማን እንደሆነ የጉዳዩ አካል ነው። ስለ ስደተኛ ፕሮግራመሮች የሚናገረው ራሱ ያለፈበት ነው ወይስ አንብቦ ነው? ስለዚህ መጀመሪያ ያለ ስም ለሐሳቡ ነጥብ ስጡ። ቀጥሎ ስሙን ገልጣችሁ «ይህን ለመናገር ተገቢው ሰው ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቅደም ተከተሉ አይገልበጥ።

ሁለተኛው ምክንያት ግን ከዚህ ይበልጣል። ምርጥ ታሪክ ያላቸው ሰዎች ጥሪውን አይተው «ይሄ እኔን አይመለከትም» ይላሉ። ተርጓሚዋ፣ በየወሩ ስብሰባ የሚያዘጋጀው፣ ለጀማሪ ጥያቄ ሌሊት ተቀምጦ የሚመልሰው ራሱን ተናጋሪ ብሎ አያስብም። ሴቶችን ፕሮግራሚንግ የሚያስተምረው ጃንጎ ገርልስ በ2014 በርሊን ውስጥ ከዩሮፓይተን ኮንፈረንስ ጋር ተያይዞ በተሰጠ አንድ ዎርክሾፕ ጀምሮ ዛሬ በብዙ አገሮች ይካሄዳል። በየከተማው ያንን የሚያዘጋጁት ሰዎች ስለ ኮሚኒቲ የሚያውቁትን ብዙ የኮድ ሊቅ አያውቀውም። እነሱን በጥሪ አትጠብቋቸው። ስልክ ደውሉ። «እስኪ ባለፈው ያወራሽኝን ነገር መድረክ ላይ ውጪና ንገሪን» በሏቸው። ፕሮፖዛሉን አብሯቸው የሚጽፍ ልምድ ያለው ሰውም መድቡ።

ችግር፦ የተመረጠው ተናጋሪ ሳይመጣ ቀረ

በፕሮግራሙ ላይ ፎቶው አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ ሰውየው የለም። አዘጋጆች «ቪዛ ተከልክሎ ነው» ብለው ያዝናሉ። አንዳንዱ ክልከላ በእውነት ከአዘጋጁ አቅም በላይ ነው። ብዙው ግን ከቀን አቆጣጠር የሚመጣ ነው፤ ይህን በደንብ ላብራራ።

ኮንፈረንሱ ሸንገን አገር ነው እንበል። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማስገባት ይቻላል። መደበኛው የውሳኔ ጊዜ 15 ቀን ነው። ለኢትዮጵያውያን ግን የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2024 ባሳለፈው ውሳኔ ይህ ጊዜ ወደ 45 ቀን ተራዝሟል። በዚያ ላይ የቀጠሮ ወረፋ አለ። የማመልከቻው ክፍያ ከሰኔ 2024 ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ ሆኗል፤ ቢከለከልም አይመለስም። አሁን ወደ ኋላ ቁጠሩ። ተናጋሪዎችን ከኮንፈረንሱ 2 ወር በፊት የምታሳውቁ ከሆነ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ሰው ገና ሳይነሳ ከልክላችሁታል። ከበርሊን የሚመጣው ባቡር ተሳፍሮ ይመጣል። እና «ተናጋሪዎቻችን ለምን ሁሉም አውሮፓውያን ሆኑ?» ተብሎ ይጠየቃል።

እንዲህ አድርጉ። የማመልከቻ ቅጹ ላይ «ቪዛ ያስፈልግሃል?» የሚል ሳጥን አስገቡ። ቪዛ የሚያስፈልጋቸውን ፕሮፖዛሎች ቀድማችሁ ገምግሙና ቢያንስ ከ5 ወር በፊት መልስ ስጧቸው። የቀረውን በዝግታ ትጨርሱታላችሁ።

የግብዣ ደብዳቤውን የይድረስ ይድረስ አትጻፉት። የንግግሩ ርዕስ፣ የኮንፈረንሱ ቀንና አድራሻ፣ ትኬቱንና ሆቴሉን ማን እንደሚከፍል፣ ቆንስላው ቢደውል የሚያነሳ ሰው ስልክ ይኑርበት። ስሙ ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰል። የእኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ መልኩ ብዙ ነው። ሰውየው በኢሜይሉ የሚጠራበት አጻጻፍና ፓስፖርቱ ላይ ያለው ሊለያይ ይችላል። የውጭ አገር ቅጾች «የቤተሰብ ስም» ብለው ሲጠይቁ ደግሞ አንዱ የአባቱን ሌላው የአያቱን ይሞላል። የፓስፖርቱን ገጽ ቅጂ አስልካችሁ ከዚያ ላይ ገልብጡ።

ሌላም አለ። «መጀመሪያ ከኪስህ ክፈል፣ ደረሰኝ ስታመጣ እንመልስልሃለን» የሚል አሠራር ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው አያዋጣም። በውጭ ምንዛሪ ሆቴል መያዝ ለብዙ ሰው ቀላል አይደለም። ትኬቱንና ክፍሉን እናንተ ቁረጡ። የዎርድፕረስ ኮንፈረንስ በሆነው በዎርድካምፕ ለምሳሌ ተናጋሪ ክፍያ አያገኝም፤ ጉዞውንም አብዛኛው ሰው በራሱ ወይም በአሠሪው ወጪ ነው የሚሸፍነው። እንዲህ ባለ ቦታ አሠሪ የሌለው በጎ ፈቃደኛ እንዲመጣ ከተፈለገ የጉዞ ድጎማ ከመጀመሪያው በጀት ውስጥ መግባት አለበት። ስፖንሰር ከተረፈው የሚል ተስፋ በጀት አይደለም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ቪዛው ሊከለከል ይችላል። ስለዚህ ንግግሩን ቀድሞ በቪዲዮ ይቅረጽ፤ ጥያቄና መልሱ ደግሞ በቀጥታ በኢንተርኔት ይሁን። ሰውየውን ከፕሮግራሙ ላይ አትሰርዙት።

ዘላቂው መንገድ ግን ኮንፈረንሱን ወደ ሰዉ መውሰድ ነው። የመጀመሪያው ጃንጎኮን አፍሪካ በ2023 ዛንዚባር ላይ ተካሂዷል። ለምሥራቅ አፍሪካ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ችግር፦ አዳራሹ ጭር ብሏል

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ሰዓቱ ነው። የኮሚኒቲው ንግግር ከአዲሱ እትም ማስተዋወቂያ ጋር እኩል ሰዓት ላይ ተቀምጧል። ወይም ሁሉም የኮሚኒቲ ንግግሮች ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ውስጥ ተጠቃለው ገብተዋል፤ ወደዚያ የሚሄደው ደግሞ ቀድሞውንም ያመነ ሰው ብቻ ነው።

በትኗቸው። ቢያንስ አንዱን ሌላ ንግግር በሌለበት ሰዓት፣ በዋናው አዳራሽ አስቀምጡ። በድሩፓልኮን የመሥራቹ የድሪስ ባይታርት ንግግር ድሪስኖት ይባላል፤ ሰዉ ሁሉ ተሰብስቦ የሚሰማው እሱን ነው። ስለ ፕሮጀክቱ አመራር ወይም ስለ ገንዘብ የሚናገር ሰው ካላችሁ ከእንዲህ ያለው ዋና ንግግር ቀጥሎ አውጡት። ሰዉ ገና ከወንበሩ አልተነሳም፣ ጥያቄውም ትኩስ ነው።

ተቃራኒው ችግርም አለ። ብራስልስ ላይ በሚካሄደው ፎስደም የተባለ የኦፕን ሶርስ ኮንፈረንስ መግቢያው ነፃ ነው፣ ምዝገባም የለም፤ ክፍል ሲሞላ በሩ ላይ «ሞልቷል» የሚል ወረቀት ይለጠፋል። ይህ ከገጠማችሁ ንግግሩን በቀጥታ በቪዲዮ አስተላልፉ።

ችግር፦ ፓናሉ ሰዓቱን በላው፣ ፍሬ ነገር ግን የለም

ሂሳቡን እንሥራ። 40 ደቂቃ አላችሁ። አወያዩ መግቢያ 5 ደቂቃ ይወስዳል። አምስት ተወያዮች ራሳቸውን ሲያስተዋውቁና አዘጋጆቹን ሲያመሰግኑ 3 ደቂቃ፣ 3 ደቂቃ፤ ይህ 15 ነው። ለጥያቄ 10 ደቂቃ ተውን። ለዋናው ጉዳይ የቀረው 10 ደቂቃ ነው፤ ለአንድ ሰው ሁለት ሁለት ደቂቃ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሁሉም «ኮሚኒቲ ወሳኝ ነው» ብሎ ይስማማል።

ተወያዮቹ ሦስት ይሁኑ። የሕይወት ታሪካቸው ፕሮግራሙ ላይ ተጽፏልና መድረክ ላይ አይደገም። ከሁሉ በላይ ግን የማይስማሙ ሰዎች ይሁኑ። አወያዩ ከሳምንት በፊት ለየብቻ ይደውልላቸውና «ከሌሎቹ ጋር የማትስማማው ምን ላይ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። የመጀመሪያው ጥያቄ ከዚያ ይውጣ።

ችግር፦ ጥያቄና መልሱ ወደ ጠብ ሄደ

ሰው የሚቆጣበት ጉዳይ እያለ ፕሮግራሙ እንዳላየ ካለፈው ቁጣው በማይክ ይወጣል። በመስከረም 2024 ፖርትላንድ በተካሄደው ዎርድካምፕ ዩኤስ ላይ ከዎርድፕረስ መሥራቾች አንዱ የሆነው ማት ሙለንዌግ የዎርድፕረስ ድረ ገጾችን የሚያስተናግደውን ደብሊውፒ ኢንጂን የተባለውን ኩባንያ በአደባባይ ነቀፈ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ከዚያ ወዲህ የዎርድፕረስ ሰዎች በተገናኙበት ሁሉ ይህ ጉዳይ በሆዳቸው አለ።

እንዲህ ያለውን ጉዳይ ዳር ዳር አትበሉት፤ ቦታ ስጡት። ግን ንግግር አታድርጉት። ድሩፓልኮን ላይ ቦፍ የሚሉት፣ ስላይድ የሌለበት ውይይት ይሻለዋል። ወንበሩ ክብ ይሁን። ጥያቄ በወረቀት ይሰብሰብ። የሥነ ምግባር ደንቡን የሚያስከብሩ ሰዎች ክፍሉ ውስጥ ይገኙ፤ እነማን እንደሆኑም ሰዉ ይወቅ። ሲጀመር አወያዩ እዚህ ምን ሊወሰን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ይናገር። ሰው የሚበሳጨው ውሳኔ ያለ መስሎት ለፍልፎ ውሃ ወቀጣ ሲሆንበት ነው።

ችግር፦ ንግግሩ ተጨበጨበለት፣ ከዚያ ግን ምንም አልተሠራም

ንግግሩ የሚያርፍበት ቦታ አልተዘጋጀለትም። በዎርድካምፕ ኮንትሪቢዩተር ዴይ፣ በጃንጎ ኮንፈረንሶች ደግሞ ስፕሪንት የሚባል፣ ሰዎች ተቀምጠው አብረው የሚሠሩበት ቀን አለ። ኮንትሪቢዩተር ዴይ አንዳንድ ቦታ ከንግግሮቹ በፊት ይደረጋል። በኋላ ማድረግ የምትችሉ ከሆነ በኋላ አድርጉት። ለእያንዳንዱ የኮሚኒቲ ንግግር አንድ ጠረጴዛ ያዙ። ጠረጴዛው ላይ የተናጋሪው ርዕስ ይጻፍ፤ ላፕቶፕ የሌለው ሰውም ሊሠራው የሚችል ሥራ ይኑርበት። የመጨረሻው ስላይድ ላይ «አመሰግናለሁ» ብቻ አይጻፍ። የጠረጴዛው ቁጥር፣ ሰዓቱና አንድ ሥራ ይጻፍበት፦ «ነገ 4 ሰዓት፣ ጠረጴዛ 7፣ ወረፋ ላይ ያሉ የአማርኛ ትርጉሞችን አብረን እንገመግማለን።» ቪዲዮው ከነጽሑፉ ሲወጣም ያው መረጃ ከሥሩ ይቀመጥ፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚያየው ሰው ለማን እንደሚጽፍ ያውቃል።